ጥቁሩ ካሜራና የአባቴ ግራ ዓይን

ይህን የምነግራችሁ ሰው እንዲደነቅልኝ ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ተደንቄ ስላልጨረስኩ ነው። ነገሩ የደረሰው ከሁለት ካሜራ አንዱን ለመምረጥ ላይ ታች በምልበት ሳምንት ነበር።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። መጀመሪያ በጥቃቅንና አነስተኛ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን የከፈትናት ናት። አንዷ አግብታ ወረኢሉ ሄደች፣ ሌላዋ ዓረብ አገር ገባች፣ እኔ ቀረሁ። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የተማሪ ምርቃት አነሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሠርግ አነሳለሁ። በእኛ አገር ሙሽራዋ ጓዳ ሆና ሒና ስትቀባ፣ ፀጉሯ ሲሠራ፣ ወንድ ፎቶ አንሺ ዝር አይልም። እኔ ግን እገባለሁ። በዚህ የተነሳ እስከ ወግዲና ከላላ ድረስ ሠርግ ሲደገስ «ሉባባን ጥሩልን» ይባል ነበር።

የሠርጉ ወራት ሊገባ ሲል አሮጌው ካሜራዬ ሞተ። ውስጡ ያለው መስታወት፣ ፎቶ ስናነሳ ብድግ ብሎ ተመልሶ የሚቀመጠው፣ አንድ ቀን ብድግ እንዳለ ቀረ። ደሴ ይዤው ሄድኩና ከሥራዬ መጀመሪያ አንስቶ ወረቀትና ቀለም ለምገዛቸው ለአቶ ግርማ አሳየኋቸው። አቶ ግርማ ቀልድ የማያውቁ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ነጋዴ ናቸው። አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ከምትንከራተች አዲስ ብትገዥ ይሻልሻል። አሁን እኮ ጭራሽ መስታወት የሌላቸው መጥተዋል።»

ሁለት ካሜራ ከመደርደሪያ አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ሁለቱም ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። አንዱ ብርማ፣ አንዱ ጥቁር። ብርማው እንደ ላባ ቀላል ነው። የኋላ ስክሪኑ ተገልብጦ ወደ ፊት ስለሚዞር ሙሽራዋ ራሷን እያየች መነሳት ትችላለች። ፎቶውንም እዚያው በዚያው ወደ ስልክ ይልካል። ጥቁሩ ከበድ ይላል፤ ስክሪኑ አይዞርም፤ ወደ ስልክም አይልክም። በአንድ ነገር ብቻ ይበልጣል፤ አናቱ ላይ ዓይንን አስጠግተው የሚያዩባት ትንሽ መስኮት አለችው።

«ይች መስኮት እንደ ድሮው እንዳትመስልሽ» አሉኝ አቶ ግርማ። «ውስጧ ትንሽ ቴሌቪዥን አለ በይው። ካሜራው የሚያየውን ታሳይሻለች። ያነሳሽውንም ፎቶ እዚያው ውስጥ አጉልተሽ ታይበታለሽ። ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ስታዞሪ ደግሞ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ዓይን ትስተካከላለች።»

«የእኔ ዓይን ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው። ልቤ ብርማው ላይ አርፎ ነበር።

«አትቸኩይ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሁለቱንም ይዘሽ ሂጅ፤ በጨለማም በብርሃንም ሞክሪያቸው። ሰኞ አንዱን ትመልሽልኛለሽ።»

«ያለ መያዣ?»

«አንችን አላውቅሽም እንዴ!»

ዓርብን ፎቶ ቤቴ ውስጥ በሙከራ ዋልኩ። ደንበኛ ሲመጣ አንድ በብርማው፣ አንድ በጥቁሩ። ማታ ሳስተያያቸው ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ከትቼ አባቴ ወዳሉበት መንደር ወጣሁ። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት አባቴን ልጠይቅ ብዬ ሳይሆን ለካሜራዎቹ ስል ነበር። ቤታችን ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው። ከደጁ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ እስከ ጎጃም ድረስ ይታያል። ለጨለማም ለሩቅም የሚሆን መሞከሪያ በአንድ ግቢ አለ።

አባቴ ሸህ ይማም ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቁርኣንና ኪታብ ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሩቅ አገር ስንቅ ይዘው የሚመጡ ደረሶች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ ከግቢያችን ጠፍተው አያውቁም። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ ደክሞ፣ ከዚያ ቅዳሜ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማንበቡን አስተዋቸው፤ ሰውንም በድምፅ ብቻ መለየት ጀመሩ። ያኔ ገበያ ለገበያ የሚዞር አንድ መድኃኒት ሻጭ አይቷቸው «ሥሩ ሞቷል፤ በከንቱ አትድከሙ» አለን። እኛም በዚያው ተውነው። እሳቸውም «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ» ብለው ዝም አሉ። ቁርኣኑን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማስተማራቸውን አላቆሙም።

በእኔና በእሳቸው መካከል ግን ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ሩሕ፣ ማለትም ነፍስ፣ ያለውን ፍጡር ምስል ማንሳት አይወዱም። አልረገሙኝም፣ አላባረሩኝም። ስሄድ ስለ ቤት ኪራዬ፣ ስለ ጥርስ ሕመሜ፣ ስለ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይጠይቁኛል፤ ስለ ሥራዬ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አንድ ቀን ካሜራዬን ወደ እሳቸው አዙሬ አላውቅም። የስንቱን ሰው አባት አንስቼ የራሴን አባት ፎቶ አልነበረኝም።

ስደርስ አባቴ ደጅ ካለው መደብ ላይ፣ ወይራው ጥላ ሥር፣ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ተቀምጠዋል። ታላቅ እህቴ ሐዋ አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች። እሷ ናት ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሳቸው ጋር የምትኖረው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ዱዓ ተቀብዬ፣ ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ ፈንጠር ብዬ ገደሉን ማንሳት ጀመርኩ። አንድ በብርማው፣ አንድ በጥቁሩ።

«ሉባ» አሉ አባቴ ከተቀመጡበት።

«አቤት አባ።»

«ሁለት ናቸው እንዴ? ድምፃቸው ይለያያል። አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ ይውጣል።»

ደነገጥኩ። ስለ ካሜራ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነበር። «አዎ አባ፣ ሁለት ናቸው። አንዱን ልገዛ እያወዳደርኳቸው ነው» አልኩና፣ በዚያው ድፍረት አግኝቼ ቀጠልኩ። «ደቃቅ ጽሑፍ ላይም ልሞክራቸው ፈልጌ ነበር። የመምህርዎን ኪታብ ባነሳው ይቆጡኛል?»

ሙስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ። ያ ኪታብ መምህራቸው በእጃቸው ጽፈው የተውላቸው ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። በጠርዙ ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ማስታወሻ ሞልቶበታል። ማስታወሻው ዐጀም ነው፤ ፊደሉ ዓረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ። ከአባቴ በቀር የሚያነበው አልነበረም። ከእነዚያ ማስታወሻዎች በአንዱ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ከማን ለማን እየተላለፈ አባቴ ጋ እንደደረሰ የመምህራኑ ስም በተራ ተጽፏል። አባቴ ለአንድ ደረሳ «ተምረሃል፣ ሂድና አስተምር» ብለው ኢጃዛውን ሲሰጡት ያንን የስም ሐረግ አብረው ይሰጡታል። ከዘጠኙ ስሞች ሁለቱ ከጠፉባቸው ቆይተዋል። ሦስት ደረሶች ትምህርታቸውን ጨርሰው ኢጃዛ ሳያገኙ ይጠብቁ ነበር። «የጎደለ ሐረግ አልሰጥም» ብለው።

«ወረቀት ሩሕ የለውም» አሉ ቆይተው። «ውዱእ አድርጊና አንሽው።»

ታጥቤ መጣሁ። ሐዋ ኪታቡን ከጨርቁ ፈታ መደቡ ላይ ዘረጋችልኝ። አንዱን ገጽ በሁለቱም ካሜራ ካነሳሁ በኋላ የቱ ጠርቶ እንደወጣ ለማየት መጀመሪያ ብርማውን አነሳሁ። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ አርፎ የራሴን ፊት ብቻ አሳየኝ። በጥላም በልብሴም ብከልለው አልሆነም። ጥቁሩን አንስቼ ዓይኔን መስኮቷ ላይ ገጠምኩና ፎቶውን አጎላሁት።

«ሱብሐነላህ!» አልኩ ሳላስበው።

«ምን አየሽ?» አሉ አባቴ።

«ፊደሉን ነው አባ። ጣቴን አክሎ ነው የሚታየው። የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።»

«እስቲ አንብቢው።»

ልጅ ሆኜ ከእሳቸው ዘንድ ንባብ ተምሬያለሁ፤ ግን ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ጀመርኩና ተሰናከልኩ። አረሙኝ። እንደገና ተሰናከልኩ።

«ተይ ተይ፤ እንዲህ ባለ ንባብ ኪታቡን አታጎሳቁይው። አምጭ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ዱሮ ዓይናቸው ደህና ሳለ ደረሳ ሲሳሳት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እጃቸውን ዘርግተው ኪታቡን ይቀበሉና ራሳቸው ያነቡለታል። እጃቸው በልማዱ ሄዶ አየር ላይ ቀረ። ሐዋ ምስሩ ላይ አቀረቀረች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። አባቴም ነገሩ ገብቷቸው እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ፣ ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አላውቅም፣ ካሜራውን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ካሜራው ነው አባ። ኪታቡ ውስጡ አለ። ዓይንዎን እዚህ ላይ ያድርጉት።»

«ከዕውር ጋር አትቀልጅ ልጄ።»

«ወላሂ አልቀለድኩም።»

ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ። አልጣሉትም። እጃቸውን ደግፌ መስኮቷን ቀኝ ዓይናቸው ላይ አስጠጋሁላቸው። ጠበቅን። ከላያችን ወፍ ትንጫጫለች።

«ጨለማ ነው» አሉ። «በቃ፣ ውሰጅው።»

ምን አስቤ ነው እኒህን ሽማግሌ የማሳፍራቸው ብዬ ራሴን ረገምኩ። ልቀበላቸው እጄን ሰደድኩና መለስኩት።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በግራዎ ይሞክሩት። አንድ ጊዜ።»

ተነፈሱና ወደ ግራ ዓይናቸው አዞሩት። «ጭጋግ» አሉ። አቶ ግርማ ያሳዩኝን ቁልፍ አስታወስኩና ቀስ እያልኩ ማዞር ጀመርኩ። «ጭጋግ ነው። አሁንም ጭጋግ። ጭጋግ…» ቁልፏ መጨረሻዋ ልትደርስ ነው። «ቁሚ!»

ጮኸው ነበር። ሐዋ ቀና አለች።

«እዚያው ላይ ተያት። እንዳትነኪያት።»

አባቴ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

«ነቁጣ» አሉ በሹክሹክታ። «ከሥር አንዲት ነቁጣ አየሁ። ጥቁር ነጥብ። ባ ናት። ወላሂ፣ ፊደሏ ባ ናት!»

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። እንደ ሕፃን ፊደል በፊደል ጀምረው፣ ቃል በቃል ሆነ፤ ከዚያ መስመሩ እንዳለ ይፈስ ጀመር። እኔ መስመሩ ሲያልቅ የካሜራውን ቁልፍ እየተጫንኩ ገጹን እገፋላቸዋለሁ። ሐዋ ግን ጠጋ ብላ «በቃላቸው የሚያውቁትን ነው የሚሉት» አለችኝ በጆሮዬ። እኔም ጠርጥሬ ነበር። ኪታቡን ወስዳ ዓይኗን ጨፍና አንድ ገጽ ገለጠች። እሱን አነሳሁና ሰጠኋቸው። አባቴ ትንሽ ፈለግ ፈለግ አደረጉና እንዲህ አሉ፤

«እዚህ ጋ መምህሬ ተሳስተው ሰርዘውታል። ስርዙ ላይ ውኃ ነክቶታል።»

ሐዋ ገጹን አየችው። የተሰረዘ ቃል አለ፤ ላዩ ላይ ክብ የውኃ ጠብታ። ሰፌዱ ከጉልበቷ ላይ ተንሸራቶ ምስሩ ተበተነ። ማንም አላነሳውም።

የብርማውን ስክሪን ጥላ ውስጥ አድርጌ ባሳያቸው ከጭጋግ በቀር ምንም አልታያቸው። በጥቁሩ መስኮት ብቻ ነበር። ነገሩ ያኔ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግኩም። እንዳይጠፋ ብቻ ፈራሁ።

«ጠርዙን አንሽልኝ» አሉኝ። «የሐረጉን ገጽ። ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው።»

ሐዋ እስክሪብቶና ደብተር አመጣች። እኔ አነሳለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ፣ እሷ ትጽፋለች። የሐረጉ ማስታወሻ በአራት ገጽ ጠርዝ ላይ ተበታትኖ የተጻፈ ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ድንገት ቆሙና «ሸህ ኢድሪስ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እንዴት ጠፉኝ! ሸህ ኢድሪስ ናቸው እኮ፤ አፉ ይበሉኝ ሸሁ፣ ይቅር ይበሉኝ!» ካሜራውን ከዓይናቸው ሳይነጥሉ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። አንዱ ስም ተገኘ።

ሦስተኛውን ገጽ አንስቼ ልሰጣቸው ስል ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ባትሪው እያለቀ ነው። ያች መስኮት ባትሪ እንደምትጠጣ አቶ ግርማ ነግረውኝ ነበር። መንደራችን መብራት አልገባለትም። የብርማው ባትሪ ደግሞ ለጥቁሩ አይሆንም፤ ሞከርኩት፤ መጠኑም ሌላ ነው።

«አባ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ምናልባት አምስት ደቂቃ፤ ከዚያም ያነሰ። ሁለተኛውን ስም ቶሎ እንፈልገው።»

አባቴ ካሜራውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። ሐዋ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ብላ ወተወተች።

«ይህ ነገር የሚያሳየው ወረቀት ብቻ ነው ወይስ በፊቱ ያለውን ሁሉ?» አሉ አባቴ።

«በፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል።»

«እንግዲያው ስሙ ይቆየኝ። ሙት አይቸኩልም። አንች ወዴት ነሽ?»

ካሜራውን ወደ ራሴ አዞርኩላቸውና ፊታቸው ተንበረከክኩ። ቁልፏን ደግሜ አስተካከልኩ። አባቴ ካሜራውን ከግንባሬ ወደ ዓይኔ፣ ከዓይኔ ወደ አፌ ቀስ እያሉ አወረዱት። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይህ አገጭሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ከሁለት ዓመት በፊት ከባጃጅ ላይ ወድቄ አገጬ ተሰፍቷል። እንዳይጨነቁ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ሐዋንም አስምያታለሁ። ከመስፋቱ የቀረው ጠባሳ የሽንብራ ግማሽ አይሞላም።

«ወድቄ ነው አባ።»

«መቼ?»

«ቆየ።»

«እኔ ሳላውቅ ወደቅሽ» አሉ። ቀጥለውም በቀስታ «አርጅተሻል እኮ ሉባ!» አሉኝ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁትም። እኔም ሁለቱንም ሆኜ ነበር። በዚህ መሐል ጣታቸው አናቱ ላይ ያለው ቁልፍ ላይ አርፎ ኖሮ ካሜራው ጮኸ።

ደነገጡ። «ምን አደረግኩ?»

«አነሱኝ አባ።»

ካሜራውን ከዓይናቸው ነጠሉት። ከዚያ ሳቁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሰማሁትን፣ ትከሻ የሚንጥ ሳቅ። ሐዋ እየሮጠች መጥታ «እኔንም! እኔንም ይዩኝ!» ብላ አጠገቤ ተንበረከከች። ካሜራውን ወደ እሷ አዞሩት፤ «አይ ሐዋዬ፣ ከሳሽ» አሉ። በዚህ ጊዜ መስኮቷ ጠፋች።

አባቴ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ይዳብሱታል።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ አየለ መጡ። መሪጌታ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ባለው ደብር ቅኔና ዜማ የሚያስተምሩ፣ ከአባቴ ጋር ሁለቱም ተማሪ ከነበሩበት ዘመን የሚዋደዱ ሽማግሌ ናቸው። የአባቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሲያጫውቷቸው ይውላሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አባቴን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«አንች የምታስተውይ መስሎኝ! እህቴ ደሴ ዓይኗን ተገልጣ የመጣች ጊዜ እኮ ሐኪሞቹ እንዲህ ነው ያሉን፤ ሞራ ሲሆን ዓይኑ አልሞተም፣ መጋረጃ ነው የወረደበት ብለው። ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።»

«ተው መሪጌታ» አሉ አባቴ። «አላህ የወሰደውን ከሐኪም አልለምንም።»

«አላህ ከወሰደው ታዲያ በዚያች ቀዳዳ በኩል ያሳየህ ማነው? ሰይጣን እንዳትለኝ፤ ኪታብ ነው ያነበብክ!»

አባቴ ሙስበሃቸውን አንድ ዙር ከቆጠሩ በኋላ «ደሴ ሰኞ ነው የምትሄጅው?» አሉኝ።

እሑድ መካነ ሰላም አደርን። ሰኞ ንጋት አውቶቡስ ተሳፈርን። አቀስታን አልፈን ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮት ሲገባ ጋቢያቸውን አጥብቀው ጠጋ አሉኝና «ሥራሽስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እስከ ደሴ ድረስ መልሼ አልጨረስኩትም። ስለ ብርሃን፣ ስለ ጥላ፣ ሙሽሮች ሲፈሩ ምን ብዬ እንደማስቃቸው ነገርኳቸው። ሩሕ ስላለው ምስል ያላቸው አቋም ተለወጠ አልላችሁም፤ እሱን አንስተውም አላወሩ። ግን ሰሙኝ።

አቶ ግርማ ሱቅ ስንደርስ ብርማውን ባንኮኒው ላይ መለስኩ።

«ይህን ነው የምትመልሽው? ለሠርግ እኮ እሱ ነበር የሚሻልሽ» አሉኝ ገርሟቸው።

«አውቃለሁ። ግን ጥቁሩን ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም።» ምክንያቱን ስነግራቸው የቆሙት ሰው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ሱቁን ዘግተው ራሳቸው ሆስፒታል ድረስ አደረሱን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ችኩል ግን አይደለም። ሁለቱንም ዓይን በባትሪ እያበራ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። ቀኙ እውነትም አልቆለታል፤ ሌላ በሽታ ውስጥ ውስጡን በልቶታል፤ መመለሻ የለውም። ግራው ግን ሞራ ነበር። «በዚያች መስኮት ፊደሉ ጎልቶ፣ ብርሃኑ በርትቶ፣ ለዓይናቸው ልክ ተስተካክሎ ስለመጣ ነው በስንጥቅ እንደማየት ያህል ያዩት» አለኝ። «ሞራው ሲነሳ የተሻለ ያያሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።» ከዚያ ረጋ ብሎ ጨመረ፤ «ቀኙም ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ተራቸው ደርሶ በሳምንታት ውስጥ ግራ ዓይናቸው ተሠራላቸው። ፋሻው በተፈታበት ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት ኮርኒሱን ነው። ቀጥሎ እጃቸውን፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያገላበጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ዱሮ ኪታብ ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት፣ እጃቸውን ዘረጉ። መነጽር ተሰጣቸው። አገር ቤት እንደገባን ሦስቱን ደረሶች ጠሩ፤ ኪታቡን በገዛ እጃቸው ገልጠው፣ በአራተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ ያን የጎደለ ሁለተኛ ስም አገኙት። ዘጠኙን ስም በተራ ጠርተው ኢጃዛውን ሲሰጧቸው መሪጌታ አየለ ደጅ ቆመው ይሰሙ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ በአንድ ዓይን ስድስት ዓመት አነበቡ። ከዚያ ወደ አኼራ ሄዱ።

በጥቁሩ ካሜራ ምክንያት ስክሪኑ የሚዞርለትን የሚሹ ሙሽሮች ሌላ ፎቶ አንሺ ጋ ሄደውብኛል፤ አልቆጨኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሙሽራዋን አይደለም። ከግርግሩ ርቀው ጥግ የተቀመጡትን፣ «ዓይናቸው ጠፍቷል» የሚባሉትን ነው። ጠጋ ብዬ አነጋግራቸዋለሁ፣ ከፈቀዱ በመስኮቷ አሳያቸዋለሁ። ካሜራ ሐኪም አይደለም። ምንም ያልታያቸው ብዙ ናቸው፤ ለእነሱም ቢሆን ሐኪም ይያቸው እላለሁ። ከጃማ በታች አንዲት እናት ግን የልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ ቀለም አይተው እልል ብለዋል።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ስለ ካሜራው ይደነቃሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ፣ የሚያስፈራኝም፣ ሌላ ነው። እንጀራዬ ብርሃንና ዓይን ነው። ሰው ፊት ላይ ጥላ ሲያርፍ በምን በኩል እንደመጣ ለይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ሆኜ፣ አራት ዓመት ሙሉ አባቴ ፊት እየተቀመጥኩ፣ እጃቸውን እየሳምኩ፣ «አባ፣ ምን ይታይዎታል?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። አንድ መንገደኛ መድኃኒት ሻጭ የነገረኝን ይዤ ከገዛ አባቴ ሳልጠይቅ ኖርኩ። በዚያ መሐል አንዱ ዓይን ሄደ።

እናንተም ቤት በአንድ ቃል «አለቀለት» ተብሎ የተተወ ሰው ይኖር ይሆናል። ዓይኑ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮው ሊሆን ይችላል፣ ልቡም ሊሆን ይችላል። መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት።